አሮጌውን የድንጋይ ሰርቪስ ቤት በገዛ እጃችን ስለማደስ





በዚህ ንግግር የማነሣው ጉዳይ ከጓሯችን አይርቅም። እዚህ ሳንሱሲ ውስጥ በግቢያችሁ ከዋናው ቤት ጀርባ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ሰርቪስ ቤት ያላችሁ ካላችሁ፣ ነገሩ በቀጥታ ይመለከታችኋል። እንዲህ ያለውን ቤት አንዱ ቤተሰብ ማድ ቤት ያደርገዋል፤ ሌላው ከሰልና ማገዶ ያከማችበታል፤ ሌላው ደግሞ የሚያፈርስበትን ቀን ይጠብቃል። ቤቱ በወጉ ቢታደስ ለአቅመ ደካማ እናት ማረፊያ፣ ለልጆች የጥናት ክፍል፣ ኑሮ ለከበደው ቤተሰብም የኪራይ ገቢ ይሆናል። ያለ እውቀት ከተነካካ ግን በሰው ላይ ይወድቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ የግድግዳውን ጠባይ እንወቅ። እንዲህ ያለው ግድግዳ ብዙውን ጊዜ በውስጥና በውጭ ሁለት የድንጋይ ፊት ያለው ሲሆን፣ መካከሉ በጠጠርና በጭቃ የተሞላ ነው። ሁለቱን ፊት አንድ አድርገው የሚይዟቸው በአግድም የገቡት ረጃጅም ማሰሪያ ድንጋዮች ናቸው። ጭቃው ለድንጋዩ እንደ ፍራሽ ሆኖ ያስቀምጠዋል እንጂ እንደ ሙጫ አያጣብቀውም። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብዙ ዘመን ይሸከማል፤ ውኃ ከጠጣ ግን ይላላል፣ ይታጠባል፣ ድንጋዩም ከቦታው ይንሸራተታል። አዲስ አበባ ደግሞ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ አብዛኛውም በክረምቱ ወራት ይወርዳል።

ታዲያ ግድግዳው ሲረጥብና ሲላላጥ ብዙዎቻችን ምን እናደርጋለን? ሲሚንቶ ገዝተን ከላይ እስከ ታች እንለስነዋለን። ለአንድ ዓመት ያምራል። ይሁን እንጂ የጭቃ ግድግዳ በሙቀትና በእርጥበት ጥቂት ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ ሲሚንቶው ግን ደረቅ ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ በውስጥ ይቀራል። ጭቃው በስውር እየላላ ሄዶ አንድ ቀን ልስኑ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። ሲሚንቶ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለብሎኬትና ለአርማታ ተገቢ ቦታ አለው። ለአሮጌ የጭቃ ግድግዳ ግን አይስማማም።

ይህን ከጎንደር መማር ይቻላል። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ በ17ኛው መቶ ዘመን በድንጋይና በኖራ መገንባት የጀመረ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የግቢው አንዳንድ ክፍል በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገነ። በኋላ ግን ይህ ጥገና ለጥንታዊው ግንብ እንደማይስማማ ታውቆ፣ ሲሚንቶው ከብዙው ቦታ እየተነሣ በኖራ ተተካ። የሐረር ጀጎል ነባር ቤቶችም በድንጋይና በጭቃ ተሠርተው በየጊዜው ኖራ እየተቀቡ የቆዩ ናቸው። ለነገሥታት ግንብ የተመከረ ለእኛ ሰርቪስ ቤት አያንስም!

እንግዲህ ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሆን መልካም ነው።

አንደኛ፣ መርምሩ። ግድግዳው ሆድ አውጥቶ እንደሆነ በቱንቢ ለኩ። ስንጥቅ ካለ በላዩ ላይ ትንሽ ጄሶ ለጥፋችሁ ቀኑን ጻፉበት። ጄሶው በሳምንታት ውስጥ ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው። ግድግዳው ሆድ ካወጣ ወይም ስንጥቁ ከሰፋ ሥራው የእናንተ አይደለም፤ ሰው ከቤቱ አውጡና ባለሙያ ጥሩ፤ ፑንቴሎውንም እርሱ ያስገባ።

ሁለተኛ፣ ውኃውን መልሱ። የተበሳውን ቆርቆሮ ለውጡ፣ አሸንዳ ግጠሙ። በዘመናት ብዛት ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር አንሡ፤ ውኃውን ከቤቱ የሚያርቅ ቦይም ቆፍሩ። ቦዩ ግን ከመሠረቱ በታች እንዳይወርድ ተጠንቀቁ።

ሦስተኛ፣ መጋጠሚያውን ሙሉ። የላላውን ጭቃ በመሮ ቀስ ብላችሁ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አውጡ። በአንድ ጊዜ ጥቂት ክንድ ብቻ እንጂ ግድግዳውን በሙሉ አትክፈቱት። ከዚያ አርጥባችሁ አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር በተቀላቀለ ድብልቅ ስቲላቱራ አድርጉ። በውስጥ በኩል ጭድ የገባበት ጭቃ ይበቃል።

አራተኛ፣ ታገሡ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ነው። ፀሐይ ፈጥኖ እንዳያደርቀው ለአንድ ሳምንት ያህል በረጠበ ጆንያ ሸፍኑት። ስለዚህ ሥራው ጥቅምት ላይ ተጀምሮ እስከ ጥር ቢያልቅ ይመረጣል።

በተለይ እናቶችና አባቶች ይህን አስተውሉ! ያልበረደ ኖራ ውኃ ሲነካው በኃይል ይፈላል፤ ዓይንንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የበረደውን ኖራ ግዙ። እርሱም ቢሆን ያቃጥላልና መነጽር፣ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ፤ ልጆችን አርቁ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳትቆዩ በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ወረዳችሁን ስለ ፈቃድ ጠይቁ። ደግሞም ብቻችሁን አትሥሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና በደቦ ተጠራሩ። ግንበኛ የነበሩ አዛውንት በሰፈራችሁ ካሉ ወንበር አውጡላቸውና እያዩ ይምሩ፤ ወጣቱም ድንጋይ እያቀበለ ሙያውን ይውረስ። ሲሚንቶ ጠፍቶ በተወደደባቸው ዓመታት ስንቱ ጥገና ቆሞ እንደቀረ ታስታውሳላችሁ። ጭቃና ጭድ ግን ከቅርብ ይገኛል፤ የሚጎድለን የአባቶቻችን እውቀት ነው፤ እርሱም ከባለቤቶቹ ጋር እያለፈ ነው።

እንግዲያስ ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ከማፍረሳችሁም ሆነ ከመለሰናችሁ በፊት ወደ ጓሮ ወጥታችሁ ውኃው በየት በኩል እንደሚገባ ተመልከቱ። አላህ ሥራችሁን ያቅናላችሁ።