በስልክና በዙም ለሚያማክሩት በጎ ፈቃደኞቻችን የምንጠይቀው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የሂሳብ ክፍል ሰዎች መድረክ ላይ ስንወጣ ቁጥር እንደምንደረድር ታውቃላችሁ። ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ የወጪ መስመር ብቻ ነው፤ «የጠበቃ ክትትል» ስለሚለው። «አማካሪዎቹ በነጻ የሚሠሩ ከሆነ ይህ ገንዘብ ለምን ይወጣል?» ተብለን ተጠይቀናል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

እርዳታ የሚፈልጉት ጥገኝነት ጠያቂ እህቶቻችን እዚህ ዲሲ አካባቢ ያሉት ብቻ አይደሉም። በነቫዳም በሚኒሶታም አሉ፤ አማርኛ የሚችል ጠበቃ በአቅራቢያቸው የማያገኙ ብዙ ናቸው። በጎ ፈቃደኞቻችን ማታ ከሥራ መልስ ዙም ከፍተው ያገኟቸዋል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። አንዲት ሴት አገሩ በገባች በአንድ ዓመት ውስጥ አይ-589 የሚባለውን ቅጽ ካላስገባች፣ ሕጉ የሚቀበለው ልዩ ምክንያት ከሌላት በቀር፣ የጥገኝነት በሩ ይዘጋባታል። ብዙዎቹ ያንን ዓመት የሚጨርሱት ዘመድ ቤት ሶፋ ላይ እየተኙ «ቆይ፣ ሰው እንጠይቅልሽ» ሲባሉ ነው። የሚጠየቀው ሰውም አንዳንዴ «ኬዝ ጸሐፊ» ሆኖ ይገኛል፤ ለሌላ ሰው የጻፈውን ታሪክ ስም ቀይሮ ይሸጥላታል። የራሷ እውነተኛ በደል እያላት፣ ያልኖረችውን ሕይወት በቃለ መጠይቁ ላይ ስትጠየቅ ምን ትመልስ? አንድ ነገር ያዙልን፦ ቅጹን በክፍያ የሞላ ሰው ስሙንና ፊርማውን የሚያኖርበት ቦታ እዚያው ቅጹ ላይ አለ። አልፈርምም ካለ ሽሹት።

እኛ «አማካሪ» ብንላቸውም በጎ ፈቃደኞቻችን ጠበቃ አይደሉም። የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ጠበቃ፣ ወይም የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና በሰጠው ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ፈቃድ ያለው ተወካይ ነው። ስለዚህ ሥልጠናችን ግማሹ ምን ማለት እንደማይቻል ማስተማር ነው። «እንዲህ ብትዪ ያዋጣሻል» አይባልም። ሴትዮዋ በራሷ አንደበት እንድትናገር ማገዝ፣ መተርጎም፣ ማስረጃ ማሰባሰብ፣ ጥያቄ ሲነሳ ለጠበቃዋ ማቅረብ፤ ሥራው ይህ ነው።

ትንሽ የሚመስለው ነገር ነው ብዙ ጊዜ የሚበላው። ቀንን እንውሰድ። «ጥር 5 ቀን ታሰርኩ» ስትል ዓመቱ 2013 ከሆነ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2021 ነው። 2012 ከሆነ ግን ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ያለፈችው ጳጉሜን 6 ቀን ነበረችና። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ብላ የተናገረችው በእንግሊዝኛ 9 ሰዓት ተብሎ ከተጻፈ ቤቷ የተሰበረው በሌላ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። መርማሪው በጽሑፏና በቃሏ መካከል ልዩነት ሲያይ የቀን መቁጠሪያችንን አያስብም፤ ውሸት ነው ብሎ ነው የሚያስበው። እኛ ሂሳብ የምንሠራ ሰዎች አንድ ቀን ሲሳሳት ምን እንደሚከተል እናውቃለን፤ እዚህ ላይ የሚከተለው ግን መባረር ሊሆን ይችላል።

ሌላው የሴቶች ጉዳይ ነው። በባሏ ማመልከቻ የተካተተች ሴት የራሷ ምክንያት ካላት በራሷ ስም ማመልከት እንደምትችል ብዙዎቹ አያውቁም። የግርዛት ስጋት ለጥገኝነት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በአንዲት የቶጎ ወጣት ጉዳይ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ይህንንም የሚነግራቸው የለም። ታዲያ በዙም ስናገኛት ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ቢሆንስ? አማካሪዎቻችን ማዳመጫ አድርጊ ይሏታል፤ ከዚያ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቋታል፦ «ብቻሽን ነሽ?» የኛ ማኅበረሰብ ጠባብ ነው። ለቅሶ ቤት ላይ የምታገኛት ሴት ምስጢሯን እንደምታውቅ ካሰበች አፏን አትከፍትም። ስለዚህ የአንድ ከተማ ሰው ከዚያው ከተማ ሰው ጋር አናገናኝም።

የሚሰሙት አማካሪዎችስ? መደፈርንና እስርን ማታ ሰምቶ ጠዋት ሥራ መግባት ቀላል አይደለም። ጎበዞቹ ናቸው ቀድመው የሚለዩን፤ ምክንያቱም ከባዱን ኬዝ የምንሰጠው ለነሱ ነው። «የጠበቃ ክትትል» የሚለው መስመር የሚከፍለው በሳምንት አንድ ሰዓት ጠበቃዋ ከሁሉም ጋር ተቀምጣ ጥያቄያቸውን የምትመልስበትን፣ ረቂቃቸውን የምታይበትን፣ «ይህን ለኔ ተይው፣ አንቺ እረፊ» የምትልበትን ነው።

አንዳንዶቻችሁ ገንዘቡን ለማመልከቻ ክፍያ እናዙረው ብላችኋል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ነጻ በነበረው ማመልከቻ ላይ 100 ዶላር ጥሎበታል። ነገር ግን 100 ዶላር በአንድ እሑድ ቡና ላይ እናዋጣለን፤ አዋጥተንም እናውቃለን። ጠበቃ ሳያየው የገባን ማመልከቻ ግን በመዋጮ መመለስ አንችልም። ላፕቶፕ ለመስጠት ለምታስቡ ደጋፊዎቻችንም፣ ከልብ እናመሰግናለን፣ ላፕቶፕ በቅቶናል።

የምንጠይቀው ሳምንታዊው አንድ ሰዓት ሁለት እንዲሆን፣ በወር አንድ ጊዜም አማካሪዎቹ ራሳቸው የሚያነጋግሩት የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲኖር ነው። ዝርዝር ወጪው በር ላይ በተሰጣችሁ ወረቀት ጀርባ ላይ አለ፤ ከቡና በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን።