የአምስት ዶላሩ ቀን

አንደኛ አቅራቢ፦ የሰው ሀብት አስተዳደር ሠራተኛን በመቅጠር ይጀምራል፤ ከባዱ ግን ማቆየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 የመኪና አምራቹ ፎርድ ኩባንያ በሚሺጋን፣ ሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ሲዘረጋ ምርቱ ፈጠነ። ሠራተኛው ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ማጥበቅ ሰልችቶት ይለቅ ጀመር፤ የዓመቱ ፍልሰት 370 በመቶ ደረሰ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አንድ የሥራ መደብ በዓመት በአማካይ ከሦስት ጊዜ በላይ ሰው ይለዋወጥበት ነበር ማለት ነው። ምልመላውና ሥልጠናው ደግሞ ገንዘብ ይበላል።

አንደኛ አቅራቢ፦ በጥር 1914 ኩባንያው የቀን ክፍያውን ከ2.34 ወደ 5 ዶላር አሳደገ፤ የሥራ ሰዓቱንም ከ9 ወደ 8 አወረደ። ፍልሰቱ በእጅጉ ቀነሰ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ልግስና የሚሉት አሉ፤ ስሌት ቢባል ይቀርባል። ከአምስቱ ዶላር ግማሽ ያህሉ የትርፍ ድርሻ ነበር። ድርሻው የሚሰጠው የኩባንያው መርማሪዎች ሠራተኛው ቤት ድረስ ሄደው ንጽሕናውን፣ ቁጠባውንና የመጠጥ ልማዱን አይተው ሲያጸድቁለት ነበር።

አንደኛ አቅራቢ፦ ታዲያ ገንዘብ ብቻ ይበቃል? የሥነ ልቦና ባለሙያው ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ በ1959 ባሳተመው ጥናት፣ የደመወዝ ማነስና የአለቃ ቁጥጥር ሠራተኛን እንደሚያስከፉ፣ ትጋትን የሚቀሰቅሱት ግን ስኬት፣ ዕውቅና፣ ኃላፊነትና እድገት እንደሆኑ ለይቷል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የመገጣጠሚያው መስመር ለእነዚህ ብዙም ቦታ አልነበረውም። ፎርድ ከሠራተኞች ማኅበር ጋር ውል የፈረመውም ዘግይቶ፣ በ1941 ነው።