ማክዶናልድስ፤ ነጠላ ነው ወይስ ብዙ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሮች ስም የተደረገ ንግግር)



የምንናገርበት ጉዳይ ለጊዜው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ይኸውም በአሜሪካ አገር ተነሥቶ ዛሬ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ውስጥ ከ40,000 በላይ ቤቶች ያሉት የፈጣን ምግብ ድርጅት፣ ማክዶናልድስ የተባለው ስሙ፣ ነጠላ ቍጥር ነው ወይስ ብዙ ቍጥር? የሚል ነው።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። ለክፍላችን የግድግዳ ጋዜጣ ስለ አሜሪካ ሕዝብ አኗኗር አንድ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስንመልስ፣ ከመካከላችን አንዱ «ማክዶናልድስ በየመንገዱ ተከፈቱ» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ደግሞ ቀይ እርሳስ አንሥቶ «ስ»ን ሰረዘና «ማክዶናልድ በየመንገዱ ተከፈተ» አለ። የመጀመሪያው «ኤስ የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል በስም መጨረሻ ስትመጣ ብዛትን ታመለክታለች፤ ቤቶቹም ብዙ ናቸው» ሲል ተከራከረ። ሁለተኛው «በአሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችን በስልክ ሲያነጋግሩን ማክዶናልድ በላን ይላሉ እንጂ ስ አይጨምሩም» ሲል መለሰ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ጋዜጣውም ሳይለጠፍ ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ የአማርኛ መምህራችን «ከመጨቃጨቅ መመርመር ይሻላል» ስላሉን መረመርን፤ ያገኘነውንም እነሆ እናቀርባለን።

አስቀድመን የተረዳነው ሁለቱም ወገኖች መሳሳታቸውን ነው። በእንግሊዝኛው ጽሕፈት ከኤስ በፊት ከፍ ብላ የተሰቀለች አንዲት ትንሽ ጭረት አለች። ይህች ጭረት ያለችበት ኤስ የምታመለክተው ብዛትን ሳይሆን ባለቤትነትን ነው። እኛ በስም ፊት «የ» ብለን የምንናገረውን እንግሊዞች በስም ኋላ ያደርጉታል። እንግዲህ የስሙ ትርጕም «የማክዶናልድ» ማለት ሲሆን፣ «ምግብ ቤት» የሚለው ቃል ሳይነገር ይታወቃል። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የት ዋላችሁ ብለው ሲጠይቁን «እነ አልማዝ ጋ» ስንል፣ «ቤት» የሚለውን ባንጨምረው ማንም አይሳሳትም።

ማክዶናልድ የሚለውም የቤተ ሰብ ስም ነው። «ማክ» በስኮትላንድና በአየርላንድ ጥንታዊ ቋንቋ ልጅ ማለት ስለ ሆነ፣ በእኛ ልማድ ወልደ ሚካኤል፣ ወልደ ጊዮርጊስ እንደምንለው፣ ማክዶናልድ ማለት ወልደ ዶናልድ እንደ ማለት ነው።

ታዲያ የመጀመሪያው ጓደኛችን ብዛትን መፈለጉ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ብዛት አለ፤ ያለው ግን እርሱ በፈለገበት በቤቶቹ ዘንድ ሳይሆን በባለቤቶቹ ዘንድ ነው። ሪቻርድና ሞሪስ ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት ወንድማማች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ክፍል ሳን በርናርዲኖ በተባለች ከተማ ምግብ ቤት ከፈቱ። በ1948 ዓ.ም. አሠራራቸውን ለውጠው የምግቡን ዓይነት አሳነሱ፤ ወደ መኪና ድረስ ምግብ የሚያመላልሱትን አሳላፊዎች አስቀሩ፤ ምግቡንም አስቀድመው እያዘጋጁ አንዱን ሐምበርገር በ15 ሳንቲም ይሸጡ ጀመር። ባለቤቶቹ ሁለት ስለ ነበሩ፣ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ሕግ በጥብቅ ቢሄዱ ኖሮ ጭረቷ ከኤስ በኋላ ትውል ነበር። እነርሱ ግን እንደ አንድ ሰው አድርገው ጻፉት። አማርኛ «እነ» የምትል ቃል ስላለችው፣ «የእነ ማክዶናልድ ቤት» ብለን ከእንግሊዝኛው ምልክት ይልቅ እውነቱን አጥርተን ለመናገር እንችላለን።

ሌሎቹንም ስሞች ተመለከትን። በ1969 ዓ.ም. በኦሃዮ ክፍል በኮለምበስ ከተማ የተከፈተው ዌንዲስ፣ ዴቭ ቶማስ የተባለው መሥራች በልጁ ስም የሰየመው ስለ ሆነ፣ «የዌንዲ» ማለት ነው። በፍሎሪዳ የተጀመረው በርገር ኪንግ ግን በመጨረሻው ኤስ የለበትም። ትርጕሙ «የበርገር ንጉሥ» ሲሆን፣ ቤቱ በብዙ ሺህ ቢቈጠርም ንጉሡ አንድ ነውና «ነገሥታት» ብሎ የሰየመው የለም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሰዋስው ብቻ መስሎን ነበር። ወደ ፊት ስናነብ ግን ካላሰብነው ነገር ደረስን። በ1954 ዓ.ም. ሬይ ክሮክ የሚባል የወተት መጠጥ መምቻ መኪና ሻጭ ወደ ወንድማማቾቹ መጥቶ አሠራራቸውን አየና ተደነቀ። ከእነርሱም ጋር ተዋውሎ በ1955 ዓ.ም. በኢሊኖይ ክፍል በዴስ ፕሌንስ ከተማ በዚያው ስም ቤት ከፈተ። በ1961 ዓ.ም. ድርጅቱን ከነስሙ በ2.7 ሚሊዮን ዶላር ገዛቸው። ሳን በርናርዲኖ የነበረው የመጀመሪያው ቤት በሽያጩ ስላልተጨመረ በእጃቸው ቀረ፤ ስሙ ግን ተሸጧልና የገዛ ስማቸውን ከገዛ በራቸው ላይ አውርደው ቤቱን «ቢግ ኤም» ብለው ሰየሙት። ክሮክም በአቅራቢያቸው ማክዶናልድስን ከፈተ፤ የወንድማማቾቹም ቤት ገበያው ቀዝቅዞ በመጨረሻ ተዘጋ።

እንግዲህ አስተውሉ። «የማክዶናልድ» የሚለው ጽሑፍ በሺህ በሚቈጠሩ በሮች ላይ ሲበራ፣ ማክዶናልድ የተባሉት ሰዎች ግን ያን ጽሑፍ በራሳቸው በር ላይ ለመስቀል አልቻሉም። ባለቤትነትን የምታመለክተው ፊደል በቦታዋ ቀረች፤ ባለቤቶቹ ግን ሄዱ። ይህን ባነበብን ጊዜ ሁለቱ ተከራካሪ ጓደኞቻችን ዝም አሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ሰው ስሙን ሽጦ ከስሙ ሊለይ እንደሚችል ግን አስበን አናውቅም ነበር። ወንድማማቾቹ ገንዘባቸውን በውል ተቀብለዋልና ተበደሉ ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን አንድ ሰው ስሙን ለሌላ ሲፈርም ምን እንደሚፈርም አጥብቆ ያስብ ዘንድ ይገባል እንላለን።

ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ ፍርዳችን ይህ ነው። ድርጅቱ አንድ ስለ ሆነ ስሙም ነጠላ ነው፤ ስለዚህ «ማክዶናልድስ ተከፈተ» ይባላል። «ስ» ከተሸጠው ስም ጋር አብራ የሄደች የስሙ አካል ሆናለችና አትሰረዝም። ቤቶቹ ብዙ ሲሆኑ «የማክዶናልድስ ቤቶች» ማለት ይበቃል። «ማክዶናልድሶች» ማለት ግን «ሊቃውንት» የሚለውን የግዕዝ ብዙ ቍጥር «ሊቃውንቶች» እንደሚሉት ሰዎች ቅጥል ማብዛት ነው። ቍጥር ሲኖርም ያለ ችግር ይነገራል፤ «አሥር ብር»፣ «ሦስት ቤት» እንደምንል «አምስት ማክዶናልድስ» ብንል አማርኛችን አይጐድልም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ አገራችን እንጨምር። በአዲስ አበባ ካልዲስ የተባለውን የቡና መጠጫ ቤት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቡናን አገኘ ተብሎ በአፈ ታሪክ የሚነገርለት የፍየል እረኛ ስሙ ካልዲ ነው እንጂ ካልዲስ አይደለም። «ስ»ን የጨመረችበት ያችው የእንግሊዝኛዋ የባለቤትነት ፊደል ናት። ስሙ ለምዶናልና አንነቅፈውም፤ «ካልዲስ እንገናኝ» ማለታችንም አይቀርም። ነገር ግን ከእኛ መካከል ነገ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የሚከፍት ቢኖር፣ «የ» የምትባል አንዲት ፊደል ያንኑ ሥራ እንደምትሠራ ያስታውስ ዘንድ እንለምናለን። የካልዲ ቡና ማለትም ለጆሮ የሚከብድ አይደለም።

ክቡራንና ክቡራት፤ ንግግራችንን ስናዘጋጅ በመጨረሻ የመረመርነው ቃል በዚህ በዓል ጥሪ ወረቀት ላይ የተጻፈው ነው፤ «ትምህርት ቤታችን» ይላል። ቤቱ ነጠላ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን ብዙ ናቸው። ከእኛ በፊት የተማሩት፣ እኛ፣ ከእኛም በኋላ የሚመጡት ሁሉ በዚያች በመጨረሻዋ «ችን» ውስጥ አሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚህ ደጅ እንወጣለን፤ ያን ጊዜም «ትምህርት ቤታችን» ማለታችንን አንተውም። የወጣንበትን ስም በመልካም ሥራ ልንጠብቀው ቃል እንገባለን።

የግድግዳ ጋዜጣችንም ባለፈው ሰኞ ተለጥፏል። «ማክዶናልድስ በየመንገዱ ተከፈተ» ይላል፤ ሁለቱም ጓደኞቻችን ፈርመውበታል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።