ሰኔ ሳይደርስ
በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለልጆች መጫወቻና መማሪያ የመንግሥት በጀት ስለመጠየቅ

(በምሩቃን መገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ሃያ ደቂቃ ነው ያለህ፣ ምሳ እንዳይቀዘቅዝ» ብለውኛል፤ እጠብቃለሁ።

አንድ ጥያቄ ላንሣ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የምትኖሩ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ... ይኸው፣ ቀላል አይደለንም። ቤት የሠራነው እዚያ ነው። ጠዋት ከሰበታ በዓለም ገናና በአየር ጤና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ አድርገን ወደ አዲስ አበባ እንገባለን፤ ማታ ልጆቻችን ከተኙ በኋላ እንመለሳለን። ታዲያ የሰፈራችን ልጆች ከትምህርት በኋላ የት እንደሚውሉ የምናውቀው ስንቶቻችን ነን? የቀበሌያችንን ጽሕፈት ቤት በር እንኳ የምናውቀው መታወቂያ ለማውጣት የሄድን ዕለት ነው።

እኔም ከእናንተ አልለይም ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ፣ የሰፈር ልጆች ይዘን ሦስት ዓመት ሙሉ የመንግሥት በጀት ስንጠይቅ ያየነውን ነው። የምንፈልገው ብዙ አልነበረም። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ እንዲከበርልን፣ ከትምህርት በኋላ የሚያነቡበት አንድ ክፍል እንዲሰጠን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት እንዲኖር ነው። ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ማመልከቻችን በነሐሴ ገባ። ለምን በነሐሴ? ትምህርት ሲዘጋና ልጆቹ ሲያስቸግሩን ነዋ ትዝ የሚለን! ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ 24 ገጽ። ሠንጠረዥ አለው፣ ግራፍ አለው፣ አባሪ አለው። እዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ስናቀርብ የለመድነውን ሁሉ ደርድረንበታል። የተቀበሉን ኃላፊ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቡና ጋበዙን። ከዚያም «ወንድሞቼ፣ ሐሳባችሁ መልካም ነው። ነገር ግን በጀቱ ጸድቋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ለከርሞ ቀደም በሉ» አሉን።

ልክ ነበሩ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ቀኑ እንደየቦታው ይለያይ እንጂ፣ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድና በጀት የሚያዘጋጀው በበጋው ወራት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ረቂቁ ወደ ምክር ቤት ይሄዳል። እንግዲህ በነሐሴ ደብዳቤ ይዞ የሚገባ ሰው የሚጠይቀው ቀድሞ የተከፋፈለ እንጀራ ነው። የእኛ ጥያቄ መግባት የነበረበት ቢዘገይ ቢዘገይ በጥር ነው። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ጊዜ ሄዶ መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ቀደም ብለን፣ በጥቅምት ሄድን። ጽሑፉን ወደ አማርኛ መለስነው፤ 8 ገጽ ሆነ። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስንገባ «ይህ የወጣቶች ጉዳይ ነው» አሉን። የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ስንሄድ «ሜዳው የማዘጋጃ ቤት ነው፤ ደግሞ ልጆቹ ትንንሾች ናቸው» ተባልን። ማዘጋጃ ቤት ደግሞ «ማስተማር የእኛ ሥራ አይደለም» አለን። ዓመቱ እንዲህ ሲያመላልሰን አለቀ። ያን ጊዜ ተበሳጭተን ነበር። በኋላ ግን ሳስበው ሦስቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ ጥፋቱ ሦስት ጥያቄ በአንድ ወረቀት አስረን መዞራችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማ በጀት ሁለት ኪስ አለው። አንዱ እንደ ትምህርትና ጤና ላሉት መንግሥታዊ ተግባራት ነው፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ከክልል ተደልድሎ የሚመጣ ነው። ሌላው ማዘጋጃ ቤታዊ ነው፤ ከተማው ራሱ ከሊዝና ከልዩ ልዩ አገልግሎት ክፍያ ሰብስቦ ለመንገድ፣ ለፍሳሽ፣ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ የሚያውለው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ የሚሰጥ የማጠናከሪያ ትምህርት ከአንደኛው ኪስ፣ የኳስ ሜዳ ከሁለተኛው ይወጣል። የዕድሜውም ነገር ቀላል አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በሜዳው ላይ የሚሯሯጠው የአሥር ዓመት ልጅ በወጣቶች ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ውስጥ ላይኖር ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ላይ በሮቹ ራሳቸው ተቀይረዋል። ሦስቱ ከተሞች ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ከተማ አስተዳደር የነበራቸው ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት 12 ክፍለ ከተሞች ተዋቀሩ፤ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ክፍለ ከተማ ሆኑ። ትናንት ሰበታ ላይ የሚወሰነው ዛሬ ክፍለ ከተማው ላይ ነው ወይስ ከፍ ብሎ ከተማው ላይ? ማመልከቻ ከመጻፍ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ይህ ነው። የድሮ ፋይል የድሮው በር ላይ ሊቀር ይችላልና ቅጂ ያዙ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ብልህ ሆንን። ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ወረቀት፣ እያንዳንዱ ሁለት ገጽ፣ በአፋን ኦሮሞ። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። የጽሕፈት ቤቶቹ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ቃለ ጉባኤው፣ ዕቅዱ፣ የምክር ቤቱ ውይይት ሁሉ በእርሱ ነው። በሌላ ቋንቋ የገባ ወረቀት አንድ ሰው ተርጉሞት ካላስገባው ዕቅድ ውስጥ አይገባም፤ ለመተርጎም ደግሞ የማንም የሥራ ድርሻ አይደለም። የእኛን የጻፉልን ሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ከእኛ ከዲግሪ ባለቤቶቹ ይልቅ አጥርተው ጻፉት። ማንበቢያ ክፍል ያስፈለገው ለእነርሱ ስለሆነ፣ ምን እንደጎደላቸው ማንም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ያውቁታል።

ሁለተኛ፣ ጥያቄውን በበጀት ሰዎች ቋንቋ ከፋፈልነው። በመንግሥት የሒሳብ መደብ በ6100ዎቹ ደመወዝ፣ በ6200ዎቹ ዕቃና አገልግሎት፣ በ6300ዎቹ ቋሚ ንብረትና ግንባታ ይያዛል። እኛ ምሁራን ስንባል የምንወደው 6300ን ነው፤ ሕንፃ! ሪባን የሚቆረጥበት! ነገር ግን ሕንፃው ተሠርቶ የሚከፍተው ሰው ደመወዝ ካልተያዘለት ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። መጽሐፍ ይታሰብበት የነበረው ክፍል ተቆልፎ፣ በረንዳው ፑልና ጆተኒ ይሆናል። ስለዚህ እኛ ሕንፃ አልጠየቅንም። ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆን የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል፣ ለአንድ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አምፖልና ወረቀት ነው የጠየቅነው። ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚደርሳቸው የትምህርት ቤት ድጎማ አለ፤ በአጠቃቀሙ ላይ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ ድምፅ አለው። ከመካከላችን በዚህ ኅብረት ስብሰባ ላይ ተገኝቶ የሚያውቅ አለ? ... አንድ፣ ሁለት። እንግዲህ ከዚያ እንጀምር።

የማንበቢያ ክፍሉ ተፈቀደ። የቅዳሜው ትምህርትም ተጀመረ። ሜዳውስ?

ስለ ሜዳው ስነግራችሁ ደስ አይለኝም። እኛ በነሐሴና በጥቅምት ስንመላለስ፣ ሜዳው በግማሽ ታጠረ። ማን እንዳጠረው ዛሬ አልናገርም፤ ወረቀት ያለው ሰው ነው። እኛ ወረቀት አልነበረንም። ልጆቹ እዚያ ሜዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ተጫውተዋል፤ ታላላቆቻቸውም ተጫውተዋል፤ ግን «ስፖርት ማዘውተሪያ» ተብሎ የተመዘገበበት ካርታ አልነበረም። የቀረው ግማሽ አሁን በሂደት ላይ ነው። ያ የሄደው ግማሽ ግን በምንም ዓይነት በጀት አይመለስም። የገንዘብ ጥያቄ ከርሞም ይደርሳል፤ መሬት ግን ከሄደ ሄደ። ስለዚህ ከእኛ ስህተት የምትማሩት አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ይህ ይሁን፦ ከገንዘቡ በፊት ካርታውን ጠይቁ።

ለዚህ የሚረዳ ነገርም አለ። በከተማ ፕላን ሙያ ያላችሁ እንደምታውቁት 30-30-40 የሚባል መርህ አለ፤ 30 ከመቶው ለመንገድ፣ 30 ከመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 ከመቶው ለግንባታ። የእኛ ሰፈር ድርሻ የት ሄደ ብሎ በፕላን ላይ ማሳየት የመሐንዲስ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም ቦታ በጨረታ ብቻ ሳይሆን በምደባ ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚሰጥበትን መንገድ አስቀምጧል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለማኅበራዊ አገልግሎት እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ፣ ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ እንዲያደርግ ግዴታ ጥሎበታል። የምንለምነው ምጽዋት አይደለም።

ነገር ግን ስለ መሬት ስናወራ አንድ ነገር በጥንቃቄ ልበል። በእነዚህ ከተሞች መሬት ተራ ጉዳይ አይደለም። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ቀርቷል። ዛሬ የእኛ ቤት ያለበት ቦታ ትናንት የአንድ ገበሬ ማሳ ነበር። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣን ምሩቃን ተሰብስበን «ሜዳ ይሰጠን» ስንል፣ «ለማን?» ብሎ የሚጠይቅ አባወራ ቢኖር አይፈረድበትም። ጥያቄው የልጆቹ ሁሉ መሆን አለበት፤ የገበሬው ልጅም የእኛም ልጅ አንድ ቡድን ሆነው የሚጫወቱበት። ከፊት የሚቆሙትም ተወላጆቹና ነዋሪ ወላጆች ይሁኑ፤ እኛ ከኋላ ወረቀት እንያዝ።

ደግሞ አንድ ግራ መጋባት ላጥራ። ብዙ ወጣቶች «የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አለ አይደል?» ይላሉ። በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው ፈንድ ለሥራ የሚሰጥ ብድር ነው፤ ተመላሽ ነው። ዶሮ ለማርባት ወይም ብሎኬት ለማምረት ይሆናል፤ ኳስ የሚጫወት ልጅ ግን ምን አትርፎ ይመልሳል? መጫወቻና ማንበቢያ መጠየቅ ያለበት ከመደበኛው በጀት ነው።

ከሦስቱ ከተሞች ውስጥ ሱሉልታን ያየ ሰው ይህ ነገር ይገርመዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በላይ ስለሆነ የዓለም ሯጮች አየሩን ፍለጋ ይመጡበታል፤ ቀነኒሳ በቀለ መሮጫ ትራክ የሠራው እዚያ ነው። የሱሉልታ የሰፈር ልጅ ግን የሚሮጥበት ሜዳ እንዲኖረው የሚጠይቅለት ይፈልጋል። ሰበታም የራሷ ነገር አላት። የመርሃ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ሰበታ ላይ የመጫወቻ ጥያቄ የሚጽፍ ሰው፣ ውስጡ ቃጭል ያለው ኳስና በብሬል የተጻፈ መጽሐፍ በ6200 ውስጥ ካላስገባ ከተማዋን አያውቃትም ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ ልመለስ። ከመካከላችን ታላላቆቻችን በ1957 ዓ.ም. የተጀመረውን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ያስታውሳሉ፤ ተማሪ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያስተምር ነበር። እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ዓመት አይደለም፤ ከጥቅምት እስከ ሰኔ በወር አንድ ቅዳሜ ነው። የሕግ ሰዎቻችን የልጆቹ ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኝ ይርዱ። የእኛ ማኅበር ከክልል ክልል ሲሠራ የምዝገባው ሕግ ስለሚለይ፣ ጠያቂው የአካባቢው ትምህርት ቤት ወይም የልጆቹ ማኅበር ቢሆን ይቀላል። መሐንዲሶቻችን ሜዳውን ለክተው ንድፍ ያውጡ። የሒሳብ ባለሙያዎቻችን ጥያቄውን በመደብ ይከፋፍሉ፤ ገንዘቡ ሲገኝም ደረሰኙን ይያዙ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ብር በትክክል ያወራረደ ነው ለሁለተኛው የሚታመነው። መምህሮቻችን ደግሞ የማኅበረሰብ አገልግሎት የሥራችሁ አካል ነውና፣ ተማሪዎቻችሁን ለቅዳሜው ትምህርት ላኩልን።

ጥቅምት ላይ ማን የቱን እንደሚወስን እንጠይቅ። ኅዳርና ታኅሣሥ ልጆቹ ይጻፉ። በጥር ይግባ። በየካቲትና በመጋቢት ዕቅዱ ውስጥ መግባቱን ሄደን እንይ። ግንቦት ላይ የምክር ቤት አባላችንን እናነጋግር። ሰኔ ሲደርስ እንደሌላው ጊዜ «ሰኔና ሰኞ» ብለን ዕድላችንን አናማርር። ከሰኔ 30 በፊት ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ጥያቄ ያለው ሰፈር አንዳንዴ በመጨረሻው ሰዓትም ይጠቀማል።

በር ላይ ሦስት ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ይላል። ስትወጡ በምትኖሩበት ስር ስማችሁንና ሙያችሁን ጻፉ። የምትኖሩት ሌላ ቦታ ከሆነም ጻፉ፤ ሦስቱም ቅርብ ናቸው።

ምሳው ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩ።