የአሮጌ መኪና ጭስ ማጣሪያ ስንለውጥ



እዚህ ካሊፎርኒያ አሮጌ መኪና እየነዳን እንጀራ የምንበላ ጥቂት አይደለንም። በ2016 ዓ.ም. የጭስ ማጣሪያችን፣ ማለት ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ ቢበላሽብን ርካሹን ገዝተን አስገጠምን። የጭስ ምርመራ ስንሄድ ወደቅን፤ የክፍለ ግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድ የሚሰጠው የፈቃድ ቁጥር ብረቱ ላይ አልነበረበትም። ባለ ቁጥሩን ገዛን፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ለካስ ጥፋቱ የሞተሩ ኖሯል! ዘይት ያቃጥላል፤ የዘይቱ ዝቃጭ በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ሸፍኖ ሥራ ያስፈታዋል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው፦ አስቀድመን ሞተሩንና ካንዴላውን እናስመርምር። ቀጥሎ፣ ቁጥሩ ለመኪናችን ሞዴል፣ ዓመትና ሞተር የተፈቀደ መሆኑን ሳናጣራ ገንዘብ አናውጣ። እኛ ሁለቴ ከፍለናል፤ እናንተ አንዴ ይብቃችሁ።