አንዲት ቦርድ ፈረስ ቤት እስክትደርስ
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የኅብረታችን ጸሐፊ ስለ ጉምሩክ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ መጀመሪያ አመነታሁ። እኔ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ እንጂ የሕግ ወይም የንግድ ተማሪ አይደለሁምና። ኋላ ግን ሳስበው፣ ለጉምሩክ መጋዘን ኪራይ ከኪሱ የከፈለ ሰው ስለ ጉምሩክ ጥቂት ለመናገር መብት ሳይኖረው አይቀርም ብዬ ተቀበልሁ።

የተወለድሁት በደጋ ዳሞት፣ በፈረስ ቤት ነው። በገበያው ዳር አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አለ። ባለፈው ክረምት የአባቴን ሬዲዮ ይዤለት ብሄድ፣ ከፍቶ አገላብጦ አየና፣ «አንተ ልጅ፣ የዚህ ቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። «ታዲያ ጋሼ፣ ቦርዱን ይለውጡልኛ» ስለው ሳቀ። «ቦርዱን ከማስመጣ፣ አዲስ ሬዲዮ ብትገዛ ይረክስሃል።»

ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ቁራጩ ከሙሉው የሚወደደው ለምንድን ነው? በሬን ከነቀንበሩ መግዛት ማነቆውን ብቻ ከመግዛት ይረክሳል ቢባል ማን ያምናል?

መልሱን ያገኘሁት ራሴ በደረሰብኝ ነገር ነው። ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ ያለው ገበሬ በቆሎውን በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበስባል። እህሉ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ይሻግታል፤ የሻገተውም ለሰውም ለከብትም መርዝ ይሆናል። በቆሎ ለረጅም ጊዜ በደኅና የሚቀመጠው እርጥበቱ ወደ 13 ከመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። ቡሬ ያለው አጎቴ ግን የሚለካው በጥርሱ ነው። ስለዚህ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን የጎተራ እርጥበት የሚናገር ትንሽ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣን። ዐሥር ቦርዶች ከነእርጥበት መለኪያቸው ከውጭ አዘዝን፤ ሂሳቡን በውጭ አገር የሚኖር የአንዱ ጓደኛችን ወንድም ከፈለልን። ዕቃው አገር የገባው በኅዳር ነበር። እጃችን የገባው በየካቲት ነው። የአጎቴ በቆሎ በዚያ መካከል ሻግቷል።

መጀመሪያ ሁላችንም ጉምሩክን ረገምን። በኋላ ግን ወረቀቱን ዘርግተን ብናየው ከጥፋቱ ብዙው የራሳችን ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የተማርሁትን በተራ ልንገራችሁ።

አንደኛው ነገር ስም ነው። ጉምሩክ ዕቃን የሚያውቀው በቁጥር ነው። በዓለም የጉምሩክ ድርጅት ተዘጋጅቶ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት አንድ የዕቃ አመዳደብ አለ፤ የእኛም ታሪፍ በዚያ ላይ የቆመ ነው። ሰርኪዩቱ ብቻ የታተመበት ባዶ ቦርድ በ8534 ይመደባል። በላዩ ትራንዚስተርና ሌላ ክፍል ከተበየደበት ግን ከዚያ ቁጥር ይወጣል፤ የኮምፒዩተር አካል ከሆነ ወደ 8473፣ የሬዲዮ ወይም የቴሌቪዥን አካል ከሆነ ወደ 8529 ይሄዳል። ኢንተግሬትድ ሰርኪዩት ለብቻው ሲመጣ 8542 ነው። ለዓይን አንድ የሚመስሉ አራት አረንጓዴ ቁራጮች አራት ልዩ ልዩ በር አላቸው ማለት ነው። የእኛ ኢንቮይስ ግን የሚለው «የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ» ብቻ ነበር። ፈታሹ ይህን አይቶ የት ይመድበው?

ሁለተኛው ዋጋ ነው። ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው መግዣ ዋጋ ላይ ማጓጓዣውና መድኑ ተጨምሮ ነው። ሻጩ የጠቀመን መስሎት በኢንቮይሱ ላይ ከከፈልነው በጣም ያነሰ ዋጋ ጽፎ ነበር። ያ ጥቅም አልነበረም። የታመነ ዋጋ ያልቀረበለት ጉምሩክ በሌላ ተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ መዝኖ ያስከፍላል፤ ያ እስኪጣራም የመጋዘኑ ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። ከቦርዶቻችን ሁለቱ በሬዲዮ ሞገድ መልእክት የሚያስተላልፉ ነበሩ። እንዲህ ያለ የመገናኛ መሣሪያ በ2011 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዓይነቱ ታይቶ ሊፈቀድ ይገባል። እኛ ይህን የሰማነው ዕቃው ከተያዘ በኋላ ነው። ስለ ሁለቱ ስምንቱ አብረው ታሰሩ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አንድ ነጋዴ ከነማጓጓዣውና ከነመድኑ 10,000 ብር የሚያወጣ ቦርድ አስመጣ እንበል። ለምሳሌ የጉምሩክ ቀረጡ 10 ከመቶ ቢሆን 1,000 ብር ነው። ኤክሳይዝ የለበትም እንበል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ የሚታሰበው በ10,000 ላይ አይደለም፤ ቀረጡ በተጨመረበት በ11,000 ላይ ነው፤ 1,650 ብር ይሆናል። ሱር ታክስ 10 ከመቶ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ከተደመሩ በኋላ በ12,650 ላይ ታስቦ 1,265 ብር ይመጣል። ለንግድ በሚገባ ዕቃ ላይ 3 ከመቶ የቅድሚያ ግብር፣ እንዲሁም በቅርብ ዓመታት የተጨመረው 3 ከመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ አለ፤ ሁለቱ 600 ብር ናቸው። ድምሩ 4,515 ብር ነው። ቀረጡ 10 ከመቶ የተባለው ዕቃ በእውነት 45 ከመቶ ከፈለ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ግብር በግብር ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ የምድብ ቁጥር መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም። ያው ዕቃ ቀረጥ በሌለበት ምድብ ቢገባ ድምሩ 3,250 ብር ይሆናል፤ 30 ከመቶ ባለበት ምድብ ቢገባ ግን 7,045 ብር ይደርሳል። ትልቁ አስመጪ ከዚህ ውስጥ ተጨማሪ እሴት ታክሱንና የቅድሚያ ግብሩን ኋላ በሂሳቡ ያቻችላል። በመዝገብ ያልገባው የፈረስ ቤት ጠጋኝ ግን የሚያቻችልበት ሂሳብ የለውም። የሦስት ቦርድ ዲክላራሲዮንም የሦስት ሺሕ ቦርድ ያህል ወረቀትና ደጅ ጥናት ይጠይቃል። ቁራጩ ከሙሉው የሚወደደው በዚህ ነው።

የምንዛሪውንም ነገር አልረሳሁትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መቶኛው ሳይነካ የቀረጡ ብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ጓደኞቼ፤ ይህን ስል ቀረጥ ይቅር ማለቴ አይደለም። የምንማርበት አዳራሽ የተሠራው በግብር ነው። ነገር ግን ጎጃም ስለ ግብር የሚያስታውሰው አለው። በድሮ ዘመን ወደ ባሶ ገበያ የሚወጣና የሚወርድ ነጋዴ በየኬላው ይከፍል ነበር፤ እንደምናውቀው የኬላ ብዛት ንግድን ያደክማል እንጂ አያበረታም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜም በሞጣና በቢቸና ሕዝቡ በመሣሪያ ተነሣ። ያን ጊዜ የተቆጣው በግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም፤ የአቆጣጠሩን መንገድ ባለማመኑም ነበር። ያልተረዳነው ግብር፣ ልኩ ትንሽም ቢሆን፣ ቅሚያ ይመስለናል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በድሬዳዋ ጉምሩክ የሠሩ ሰው ነበሩ። ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የእጅ ሥራ የሚገዛ አገር ምን ያህል እንደሚጎዳ አስረድተዋል። ዛሬም ጥያቄው ይኸው ነው። መሥሪያው ከተሠራው ዕቃ እኩል ወይም በላይ ከተቀረጠ፣ ማን በአገሩ ይሠራል? በሕጋችን ፈቃድ ያለው አምራች ለግብዓቱ ማቃለያ ያገኛል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አምራች ከመሆኑ በፊት ሁሉም ሰው ሞካሪ ነው። ለሞካሪው የተከፈተ በር ጠባብ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከማዘዛችን በፊት እንጠይቅ። ሕጉ ስለ ዕቃ አመዳደብ የቅድሚያ ውሳኔ መጠየቅን ይፈቅዳል፤ በውሳኔ ቅር የተሰኘም አቤት ማለት ይችላል፤ ከዚያም እስከ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይደርሳል። ኢንቮይሳችን እውነተኛውን ዋጋና የእያንዳንዱን ቁራጭ ስም ይያዝ፤ ፈቃድ የሚያሻውም ለብቻው ይታዘዝ። ሁለተኛ፣ ኅብረታችን የተማሪዎችን ትእዛዝ በየመንፈቁ አሰባስቦ በትምህርት ቤታችን ስም በአንድ ዲክላራሲዮን እንዲያስገባ ከአስተዳደሩ ጋር ይነጋገር። ሦስተኛ፣ ለመማሪያና ለመሞከሪያ የሚሆን ጥቂት ቦርድ ከሱር ታክስ ነፃ እንዲሆን፣ ስሌቱን አያይዘን፣ በጽሑፍ ለሚመለከተው ክፍል እናቅርብ። ጩኸት ብቻ ይዘን ከሄድን ይሸኙናል፤ ስሌት ይዘን ከሄድን ግን መልስ ሊሰጡን ይገባል።

ቦርዶቹ ዛሬ በእጃችን አሉ። አንዱን ባለፈው ሳምንት በአጎቴ ጎተራ ሰቅለነዋል። አጎቴ ጥቂት ተመልክቶት፣ «አሁንማ በቆሎው የለም፤ ምኑን ይለካዋል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ለመጪው ኅዳር መልስ እንዲኖረኝ እሻለሁ፤ ለዚያም የእናንተን እርዳታ እለምናለሁ።