ከድሮ ጓደኛ ጋር ወደ እንጦጦ
(በሬድዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

 

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጉዞ እንጨዋወታለን። ስለ ሐጅና ስለ ዑምራ ጉዞ አይደለም፤ እሱን ወደፊት ኢንሻአላህ እናነሳዋለን። የዛሬው ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱበት፣ ቪዛም ሆነ ትኬት የማይጠይቅ ጉዞ ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አብራችሁ ቁርኣን የቀራችሁትን፣ አብራችሁ የጨርቅ ኳስ ያንከባለላችሁትን ጓደኛችሁን ከለቅሶና ከሠርግ ውጭ ለመጨረሻ ጊዜ ያገኛችሁት መቼ ነው? ዛሬ ዛሬ ብዙ ጓደኛሞች የሚገናኙት ጀናዛ ላይ ነው። ይጨባበጣሉ፣ «ጠፋህ!» «የጠፋኸውስ አንተ!» ይባባላሉ፣ ስልክ ይለዋወጣሉ። ከዚያ እስከሚቀጥለው ጀናዛ ድረስ ማንም ማንንም አይደውልም።

በከተማችን ይህ እንዲበረታ ያደረገ ምክንያት አለ። በቀበና፣ በሾላ፣ በመገናኛ ዙሪያ ተጎራብቶ ይኖር የነበረው ሕዝብ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው አንዱ የካ አባዶ ገባ፣ አንዱ አያት፣ ሌላው ከተማውን ተሻግሮ ገላን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ብዙ ነዋሪ ወደ ዳር ተዛውሯል። ቤቱ የተሻለለት አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በአንድ መስጂድ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰግዱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ለመጠያየቅ ሁለትና ሦስት ታክሲ መያዝ አለባቸው።

እኔና አንድ የልጅነት ጓደኛዬም ከእነዚህ ነን። ስሙን አልጠራም፤ እሱም አይወድም። ሁለታችንም ስድሳን አልፈናል። እሱ የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ ባለቤቱ ወደ አኺራ ከሄደች ወዲህ ብቻውን ነው። አንዲት ልጅ አለችው፣ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ የምትኖር። «አባዬ፣ ጠቅልለህ ና» ካለችው ዓመት አልፎታል። እሱም እሺም እንቢም ሳይል ቆይቶ ባለፈው ጥቅምት ደወለልኝና «እንጦጦ አብረን እንውጣ፣ የምነግርህ አለ» አለኝ። «በስልክ ንገረኛ» ብለው «በስልክ የሚነገር አይደለም» አለ።

እኛ የቀበና ልጆች ከእንጦጦ ጋር የተለየ ትውውቅ አለን። መካ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ናት፤ ወደ ምሥራቅ ዘንበል የምትለው ጥቂት ብቻ ነው። ስለዚህ በከተማችን ወደ ቂብላ የቆመ ሁሉ ፊቱ ወደ እንጦጦ ነው። በልጅነታችን ግቢ ውስጥ ስንሰግድ ከአጥሩ በላይ የሚታየን ያ ሰማያዊ ተራራ ነበር። በቀን አምስት ጊዜ ወደሱ እየዞርን ኖረን፣ በእግራችን የወጣነው ግን በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

ሱብሒን ሰግደን ከአራት ኪሎ በፈረንሳይ ታክሲ ሄድንና ከመጨረሻው ወርደን በጉራራ በኩል ሽቅብ ያዝን። እሱ ሻይ በፔርሙዝ፣ እኔ ዳቦና ቆሎ ይዣለሁ። በመኪና እንጦጦ ፓርክ ድረስ መሄድ ይቻል ነበር፤ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ ያማረ ነው፣ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድም ደስ ይላል። የእኛ ጉዳይ ግን መድረስ አልነበረም። አሥር እርምጃ ሄደን እንቆማለን፣ ትንፋሽ እንሰበስባለን፣ ደግሞ እንሄዳለን። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ በእኛ ዕድሜ ቀልድ አይደለም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከሰሓቦቻቸው ጋር ሲጓዙ ዳገት ሲወጡ ተክቢራ፣ ቁልቁል ሲወርዱ ተስቢሕ ይሉ እንደነበር ከጃቢር (ረ.ዐ) ተላልፏል። እኛም ዳገቱ ላይ «አላሁ አክበር» እያልን ስንወጣ፣ ትንፋሹ ሲያጥረው ጓደኛዬ «ይህን ሱና ያኔ በጉልበታችን ዘመን ቢሆን ምን ነበረበት!» ብሎ አሳቀኝ።

እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ሲመጡ መንገድ ለቀቅን። ከወገባቸው ጎብጠው ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ይሸከማሉ። አንዷ በዕድሜ ከእኛ ብዙም አታንስም። «አይዞሽ እናቴ» ስንላት «እናንተስ አባቶቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ትወጣላችሁ?» አለችን። «ሽርሽር» ማለት አፈርንና «ዘመድ ጥየቃ» አልናት። ውሸት አልነበረም። ለአላህ ብሎ በሌላ መንደር የሚኖር ወንድሙን ሊጠይቅ የሄደ ሰው በመንገዱ ላይ መልአክ እንደቆመለትና አላህ እንደወደደው እንዳበሰረው ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። ሰውየው ከወንድሙ የሚፈልገው ጥቅም እንደሌለ ተጠይቆ የመለሰበት ነው ሐዲሱ። እኔ እዚያ ሐዲስ ላይ ሁልጊዜ የሚገርመኝ መልአኩ የጠበቀው በመንገዱ ላይ መሆኑ ነው፤ ገና ከወንድሙ ቤት አልደረሰም።

ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሻያችንን ስንጠጣ ጓደኛዬ ስለ በርሚንግሃም ያወራኝ ጀመር። ባለፈው ክረምት፣ የእነሱ በጋ ማለት ነው፣ ልጁ ዘንድ ሁለት ወር ከርሞ ነበር። ከተማዪቱ ውስጥ በሰው እጅ የተቆፈሩ የውሃ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1769 ከድንጋይ ከሰል ማውጫው ወደ ከተማ ከሰል ለማመላለስ የተከፈተ ነው። ያኔ ጀልባዎቹን የሚጎትት ፈረስ ነበር፤ ፈረሱ በውሃው ዳር ይሄዳል፣ ጀልባው በገመድ ይከተለዋል። ባቡርና የጭነት መኪና ሲመጣ ሥራው ቀረ፤ ዛሬ ሰዎች ይዝናኑበታል። ልጁም በእሑድ ቀን በጀልባ ወሰደችው። «ስፋቱ ከሁለት ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው» አለኝ፣ «ርዝመቱ ግን እንደ አውቶብስ። ከእግረኛ እኩል ነው የሚሄደው። በዳር ውሻ ይዞ የሚሄድ ሽማግሌ ቀደመን፣ አልቀለድኩም!» በሕጉም ፍጥነቱ በሰዓት ከስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ማዕበሉ ዳሩን እንዳይንድ ነው።

ይበልጥ የገረመው ግን የውሃው በር ነው። ውሃው ዳገት የሚወጣበት ስፍራ ሲደርሱ ጀልባው በሁለት በሮች መካከል ይገባል፣ የኋላው ይዘጋል፣ ከላይ ውሃ ይለቀቃል። ውሃው ሲሞላ ጀልባው ቀስ ብሎ ይነሳና ከላይኛው ውሃ ጋር ሲስተካከል የፊተኛው በር ይከፈታል። በሩን ራሳቸው ተሳፋሪዎቹ ወርደው በጉልበት ይገፉታል። እሱም ገፋ። «ጥሩ ነበር?» አልኩት። «በጣም ጥሩ ነበር» አለና ዝም አለ። ቆየት ብሎ «ግን አስበው፣ እንዲህ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ላይ ተቀምጠህ ‹ያ የሾላው ሸምሱ ትዝ ይልሃል?› የምትለው ሰው ከሌለ መንገዱ ይረዝማል። ልጄ ትወደኛለች፣ እኔም እወዳታለሁ። ሸምሱን ግን አታውቀውም» አለኝ። ሸምሱ በልጅነታችን ብይ እየበላ የሚያስለቅሰን ልጅ ነበር፤ ስሙንም ለውጬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ያወራነው ስለ ሸምሱና ስለ ዘመኑ ልጆች ነው፤ ማን እንደሞተ፣ ማን ሀብታም እንደሆነ፣ ማን የት እንዳለ።

ጫፉ ላይ የደረስነው አምስት ሰዓት ሲሆን ነው። ጥቅምት ስለነበር አየሩ የታጠበ ነው። በደቡብ ከተማው ሁሉ ተዘርግቷል፤ የንግድ ባንክ ሕንፃ፣ ከዚያ ወዲያ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በስተግራ የረር ተራራ፣ በሩቁ ዝቋላ። በሰሜን ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ። ይህ ጀርባ የውሃ ድንበር ነው። ወደ ደቡብ የወረደው ዝናብ ቀበናን ይዞ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ፤ አዋሽ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ሐይቅ ሆኖ ይቀራል። ወደ ሰሜን የወረደው በሙገር በኩል አባይ ገብቶ ሜድትራንያን ይደርሳል። ጓደኛዬ የፔርሙዙን ትራፊ ሻይ ደፋና «ይህኛው ካይሮ ሊሄድ ነው» ብሎ ሳቀ።

ዙህር ሲደርስ እዚያው ሣሩ ላይ ሰገድን። ምድር ሁሉ ለዚህ ኡመት መስገጃ ተደርጋለችና። በነገራችን ላይ ሶላታችንን አላሳጠርንም። ብዙዎቹ ዑለማዎች ለማሳጠር 80 ኪሎ ሜትር ያህል መራቅን ይጠይቃሉ፤ ከቀበና እንጦጦ ደግሞ አሥርም አይሞላም። ይህን የምለው ለሽርሽር በወጡ ቁጥር ሁለት ረከዓ የሚሰግዱ ወንድሞች ስላሉ ነው። ዕድሜ ልካችንን ወደ እንጦጦ ዞረን ስንሰግድ ኖረን፣ በዚያን ቀን እንጦጦ ከኋላችን ሆኖ ፊታችን ሱሉልታ ነበረች።

የሚነግረኝን የነገረኝ ከሶላት በኋላ ነው። የሚያስፈራው መሄዱ ሳይሆን እዚያ መሞቱ ነበር። «ባለቤቴ እዚህ ተቀብራለች። እኔ እዚያ ብሞት ማን ይሰግድብኛል?» አለ። እኔም በርሚንግሃም ብዙ ሺህ ሙስሊምና ትልልቅ መስጂዶች ያሉባት ከተማ መሆኗን እሱ ራሱ እንደነገረኝ አስታወስኩት። በየትኛው ምድር እንደሚሞት የሚያውቅ ነፍስ እንደሌለም አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሉቅማን ነግሮናል፤ ቀበና የቀረውም አያውቅም። «አውቃለሁ፣ ዑስታዝ አትሁንብኝ» አለኝ። «ሰው ሲነግረኝ መስማት ፈልጌ ነው።» ከዚያ ስለ ቤቱ፣ ስለ ስኳር መድኃኒቱ፣ ልጁ በሌሊት ሥራ ላይ ስትሆን ብቻውን ስለሚሆንበት ሰዓት አንድ በአንድ አነሳን። ስለ እድሩም ጭምር፤ ሰውየው አገር ቢለቅ መዋጮውን ማን ይከፍላል የሚለው ብቻ ግማሽ ሰዓት ወሰደብን።

ለዐስር ታች ደረስን። ቁልቁለቱ ጉልበት ይጎዳልና ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን ነው የወረድነው፤ «ሱብሓነላህ» ስንል ሰምተው አንዳንድ ልጆች እየተከተሉ ይደግሙልን ነበር።

ለመጠቅለል አልወሰነም። ከመጪው ሚያዝያ እስከ ነሐሴ ልጁ ዘንድ ሊቆይ፣ ከዚያ ሊመለስ ተስማምተዋል፤ መዋጮውን እስኪመጣ እኔ እከፍላለሁ። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ በኮተቤ በኩል የካ ተራራን ልንወጣ ቀጠሮ ይዘናል፣ ኢንሻአላህ። ይህን ጊዜ ዱላ ሊይዝ እሺ ብሏል።